ለእህቴ የደረሰው ምድብ

እህቴ በአራት ዓመት ታንሰኛለች። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ እሷ ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቃ፣ ገብስና ስንዴ ከሚያርስ ባሏ ጋር ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትንሿ ሴት ልጇ በሦስት ቀን ሕመም ሞተችባት። ከቀብሩ በኋላ ለወራት እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ አለቀሰች። ከዚያ ማልቀሱንም ተወችው። ከብቶቹ ሲጮኹ አትሰማም፣ ምግብ ቀርቦላት አትጎርስም፣ ስትጠራ ዘግይታ ነው የምትዞረው። እናታችን ሁለት ጊዜ ጠበል ይዛት ሄደች። ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ይጠይቃት ነበር።

የእኔ ሕመም ከእሷ ይቀድማል። እኔ ግን ይኸው ምክንያቴ ብዬ የማሳየው መቃብር አልነበረኝም። ባለቤቴ ለሥራ ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ በዚያው ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱን ማሰብ ትቼው ነበር። ምንም ሳይፈጠር፣ አንድ የጥቅምት ጠዋት እግሬ ከአልጋ አልወርድ አለ። እንደምንም ወረድኩ፣ ታጠብኩ፣ ሄጄ አስተማርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገር የምሠራው ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው አንድ አንድ እግሬን እየነቀልኩ ሆነ። ደወል ተደውሎ መምህራኑ ሲወጡ፣ የተማሪ ደብተር ከፊቴ ዘርግቼ አንድም ሳላርም እቀመጣለሁ። ማንም አላወቀብኝም። በሰዓቱ ሥራ የሚገባን ሰው ታሟል የሚል የለም።

እህቴ በታመመች ጊዜ እናታችን፣ “አንቺ እንኳ ደህና ሁኚልኝ” ትለኝ ጀመር። እሷ ስትለው ምርቃት ነበር። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር በእህቴ ቀናሁ። ልጇ በመሞቷ አይደለም፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። የቀናሁት ሰው ስላመናት ነው። እሷ ስትተኛ ቤቱ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ውስጤ ተኝቷል፤ ለእኔ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ አልነበረም።

አጥኚዎቹ የመጡት ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው፤ ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች ሩቅ ካለ ሐኪም ዘንድ ከመላክ ይልቅ፣ እዚሁ የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች በቡድን እያወያዩ ሊያክሟቸው ይችሉ እንደሆነ ለማየት። መሪያቸው ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። የእህቴ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገሩን ስትነግረኝ እህቴን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው የሄድኩት እኔ ነኝ። የስምምነት ቅጹን ያነበብኩላትም፣ የት ላይ እንደምትፈርም ያሳየኋትም እኔ ነኝ።

ጥያቄውን የምትጠይቀው ታብሌት የያዘች ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ነበረች። መጠየቅ የነበረባት ለብቻ ነው፤ እህቴ ግን እጄን አልለቅ ስላለች አብሬያት እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ።

“ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ በፊት ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አልጥም ብሎዎታል?” አለቻት። ስለ እንቅልፍ ጠየቀቻት። ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም። “ራስዎን ለምንም እንደማይረባ ሰው ቆጥረው ያውቃሉ?”

እህቴ በሹክሹክታ ትመልሳለች። እኔ በልቤ ከእሷ ጋር እኩል እመልስ ነበር። አንዱም ጥያቄ አላለፈኝም። ሲያልቅ፣ “እኔንም ጠይቂኝ” አልኳት።

ልጅቷ ግራ ገባት። “እርስዎ አስታማሚ አይደሉም እንዴ?”

“ጠይቂኝ።”

እህቴ ወጥታ ጠበቀችኝ። ጥያቄው ሲያልቅ የጤና መኮንኑ ለብቻዬ አስገብቶ አነጋገረኝ፤ መኖር ስለመጥላት ለተጠየቅኩት የሰጠሁት መልስ አሳስቦት ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንድሄድ ጻፈልኝ። የሕመሜ ነጥብ ከፍተኛ መሆኑንም ነገረኝ። በኋላ የእህቴን የነጥብ ወረቀት ከእኔው ጋር ሳስተያይ የእኔ ከእሷ በለጠ። በዚህ ማፈር ነበረብኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ደስታ ነው። በለጥኳት አልኩ በልቤ።

በሳምንቱ ተጠራን። ማን በየትኛው ምድብ እንደሚገባ በዕጣ ተለይቶ በታሸገ ፖስታ ነበር የሚሰጠው። እህቴ የእሷን በአውራ ጣቷ ቀደደችና ማንበብ ስለማይቀናት ለእኔ አቀበለችኝ። “የውይይት ቡድን” ይላል። አነበብኩላት። የእኔን ከፈትኩ፤ “መደበኛ ሕክምና” ይላል። ይህ ማለት በየወሩ ጤና ጣቢያ መጥቼ እታያለሁ፣ ምክር እሰማለሁ፣ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል እላካለሁ፤ ቡድኑ ውስጥ ግን አልገባም ማለት ነው።

ሐኪሙ ደጅ ቆመው ነበርና ሄድኩባቸው። “ዶክተር፣ ይህ ይቀየርልኝ” አልኳቸው።

“ከእህትዎ ጋር ነው መቀያየር የፈለጉት?”

እህቴ አጠገቤ ናት። ቀና ብላ አየችኝ።

“አይደለም” አልኩ። “ከእሷ ጋር አንድ ላይ እንድሆን ብዬ ነው።” ውሸቴን ነው። አዎ ልል ነበር።

“ማን የት እንደሚገባ እኔም አልመርጥም” አሉኝ። “ከመረጥን፣ በመጨረሻ አንዱ ምድብ ቢሻለው በሕክምናው ይሁን በመረጥናቸው ሰዎች ጠባይ አናውቅም። እርስዎን ግን ያለ ሕክምና አልተውንም። ሆስፒታል ተጽፎልዎታል፤ ይሂዱ። እለምንዎታለሁ።”

ያሉትን ለመረዳት አልቸገረኝም። እኔው ራሴ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ጣሳ ባቄላ እያስበቀልኩ፣ አንዱን መስኮት ላይ ሌላውን ሳጥን ውስጥ አድርጌ አስተምራለሁ። ሳጥን ውስጥ የሚገባው ሰው ሲሆን ምን እንደሚመስል ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ለሆስፒታል የተጻፈልኝን ወረቀት መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩትና አልሄድኩም። ለእሷ የተሰጣት ካልተሰጠኝ ሌላው ይቅርብኝ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ።

የእህቴ ቡድን ረቡዕ ረቡዕ ይሰበሰባል። ከስብሰባው በኋላ እኔ ቤት ምሳ በልታ ነው ወደ አገሯ የምትመለሰው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካሟ እንደ ድሮው ነበር፤ ገብታ መደቡ ላይ ጋደም ትላለች።

“ምን አላችሁ ዛሬ?” እላታለሁ።

“ኧረ ምንም።”

“ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም?”

“እታለም፣ እዚያ የተባለው እዚያው ይቀራል ተብለናል።”

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። የሠራቻት ከቡድኑ አንዷ ናት፤ ከሌላ ቀበሌ የምትመጣ፣ ባሏ የሞተባት ሴት። በሚቀጥለው ረቡዕ እህቴ ከዘንቢሏ ውስጥ እንዝርት አወጣች። እያንዳንዳቸው ትተውት የነበረውን አንድ ትንሽ ሥራ በሳምንቱ ውስጥ ሞክረው እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበርና እሷ የመረጠችው ፈትል ነው። ቤቴ ተቀምጣ ፈተለች። ክሩ መጀመሪያ ይበጠስባት ነበር፤ ከዚያ መዘዝ ብሎ ወጣ። እኔ ያን ቀን የተማሪ ፈተና ይዤ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነበር፤ አንድም አላረምኩም።

ከዚያ ደግሞ ባልቴቲቱን ይዛት መምጣት ጀመረች። ደጄ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። አንድ ቀን ውስጥ ሆኜ ሲስቁ ሰማሁ። የእህቴን ሳቅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ ግን ወጥቼ፣ “ጎረቤት ያያል፣ ግቡ” አልኳቸው። ምን እንደሚያይ እኔም አላውቅም።

እናቴ በስልክ፣ “እህትሽ ነፍስ ዘራች፤ ተመስገን” አለችኝ። “እርሻ ላይ ምሳ ይዛ ወጣች አሉ። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽላት።” ምስጋናው ለእኔ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን የእሷን መዳን ብቻ ነው። እሷ ሐዘኗ ታመነላት፣ መዳኗም ታየላት። እኔ የታመምኩትን ከቤተሰቤ ማንም ልብ ሳይል እንደታመምኩ ቀረሁ።

ቡድኑ ሊጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ምሳ እየበላን እህቴ ከማዕዱ ቀና ብላ፣ “ለፋሲካ አዲስ ነጠላ ላሠራ ነው፤ ክሩን ራሴ ፈትዬ” አለች። ደስ እያላት ነው ያለችው።

“ልጅሽን ቶሎ ረሳሻት” አልኳት።

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አኖረችው፣ እጇን ታጠበች፣ ዘንቢሏን አንሥታ ወጣች። እኔም አልተከተልኳትም። በቀሩት ረቡዖች ቤቴን አልፋ ሄደች፤ በመስኮት አየኋት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለተኛው መጠይቅ ደረሰ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስደርስ እህቴ ጨርሳ ስትወጣ አየኋት። ያቺን ባልቴት ክንዷን ይዛታለች፤ አንገቷን ደፍታ የምትሄደው ሴት ጠፍታለች። እሷ አላየችኝም። ገብቼ ተቀመጥኩ። ያችው መረጃ ሰብሳቢ ያንኑ ጥያቄ ጀመረች።

“ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አልጥም ብሎዎታል?”

“በፍጹም” አልኩ።

“እንቅልፍ አስቸግሮዎታል?”

“በፍጹም።”

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም አጥርቼ ልናገር እቸገራለሁ። አንዱ ምክንያት ኩራት ነው፤ እሷ ድና እኔ ሳልድን መቅረቴን ታብሌቱ ላይ ማስመዝገብ አልፈለግኩም። ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። ያለ ቡድኑ የዳነ ሰው ካለ ቡድኑ ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ እሷ ያገኘችው ነገር ከንቱ እንዲሆን ፈለግኩ። መኖር ስለመጥላት የምትጠይቀው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለዚያም “በፍጹም” አልኳት። ያን ሳምንት በጠዋት ባልነቃ ብዬ ያልተመኘሁበት ቀን አልነበረም።

ልጅቷ ታብሌቷን አስቀምጣ ፈገግ አለች። “እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ መምህርት” አለችኝ። ከልቧ ነው።

ጥናቱ ሲያልቅ በመደበኛው ምድብ ከነበሩት ውስጥ ገና ያልተሻላቸው ተጠርተው በተራቸው ቡድን እንዲገቡ ተደረገ። ይህ ከመጀመሪያው ቅጹ ላይ የተጻፈ ነበር፤ ለእህቴ ሳነብላት ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤዋለሁ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ሚስት ስትጠራ አየሁ። እኔ አልተጠራሁም። እንዴት ልጠራ፤ በመዝገቡ ላይ ከሁሉም የዳንኩት እኔ ነኝ።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ የነበረው ደወል ቀረ። ሐምሌን አልጋ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ስልኬን ዘጋሁ። እንጀራ ከጎረቤት እገዛለሁ፣ ግማሹ ይሻግታል።

አንድ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ዝም አልኩ። “እታለም፣ እኔ ነኝ” የሚል ድምፅ መጣ። እንደገና ዝም አልኩ። “ጭቃውን ሰንጥቄ ነው የመጣሁት፤ ከደጅ አልመለስም” አለች።

ከፈትኩላት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። እናታችን ስልኬ እንደማይሠራ ብትነግራት የአረሙን ሥራ ጥላ መጥታለች። እኔን አየች፣ ቤቱን አየች፣ ምንም ሳትል መስኮቱን ከፈተች። ውኃ አሙቃ ፀጉሬን አጠበችኝ። ከዚያ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

“መቼ ነው የጀመረሽ?” አለችኝ።

“ከአንቺ በፊት።”

“እና በመጨረሻው ጊዜ ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?”

“ምንም የለብኝም አልኩ።”

“ለምን?”

“አንቺ ስለዳንሽ።”

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥታ ብትሄድም ይገባኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር።

“ያን ቀን ያልሽኝን ነገር ቡድኑ ውስጥ ተናግሬዋለሁ። ያንቺን ስም አላነሣሁም። እታለም፣ እኔ ልጄን አልረሳኋትም። እዚያ የምሄደው ስሟን ልጠራ ነው። ከተቀበረች ወዲህ እዚህ አገር ስሟን የጠራልኝ ሰው የለም። ባሌም እናታችንም፣ አንቺም። እንዳላዝን ብላችሁ ነው። እዚያ ግን ‘ስሟ ማን ነበር?’ ብለው ጠየቁኝ።”

እኔ የልጅቷ አክስት ነኝ። ክርስትና ስትነሣ ነበርኩ። እውነትም ከቀብሯ ቀን ወዲህ ስሟ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ጠዋት ጠራኋት። እህቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁለታችንም አለቀስን።

በነጋታው ሐኪሙ ለክትትል ጤና ጣቢያ እንደሚመጡ እህቴ ሰምታ ነበርና ሄድን። እሷ ደጅ ቀረች፤ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የዋሸሁትንም፣ ለምን እንደዋሸሁም። ሲሰሙኝ እስክሪብቷቸውን አላነሡም።

“የመለሱት አይፋቅም” አሉ በመጨረሻ። “አሁን የነገሩኝ ግን ከጎኑ ይጻፋል። መምህርት ነዎትና ይገባዎታል፤ ያ መልስዎ የእርስዎ ምድብ ከነበረው በላይ የተሻለው መስሎ እንዲታይ ነው ያደረገው። የእርስዎ አንድ መልስ ብቻውን ጥናቱን አይገለብጠውም። እንደ እርስዎ ያደረጉ ሌሎች መኖራቸውን ግን አላውቅም፤ ይህንንም እንጽፈዋለን።”

እህቴን ያዳናትን ነገር ለማሳነስ የሰጠሁት መልስ በቁጥር ተለውጦ እዚያ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ሲሉኝ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

“አሁን ስለ ጥናቱ እንተወውና” አሉ ወዲያው፣ “ዛሬ ጠዋት ሲነቁ ምን ተሰማዎት?”

በእውነት መለስኩላቸው። በማግስቱ ከእህቴ ጋር በሚኒባስ ደብረ ታቦር ሄድን፤ መንገዱ ክፍት ነበር። ሆስፒታሉ መድኃኒት ጀመረልኝ። መጀመሪያ አካባቢ ሆዴን አገላበጠኝ፣ አፌንም አደረቀኝ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ምንም ለውጥ አላየሁም። “ቆዪ” ትለኛለች እህቴ በስልክ፣ “እኔም እስከ አምስተኛው ሳምንት ነው የቆየሁት።” እንደ ታላቅ እህት ነው የምታናግረኝ፤ ይህም ራሱ ያበሳጨኝ ነበር።

መስከረም ላይ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ስድስት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ የተማሪዬ እናት ናት። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በሦስተኛው፣ “የእኔ ነገር ቅናት ነው” ብዬ ጀመርኩ። አወያይዋ ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት። አልገሠጸችኝም፤ ከቅናቱ በፊት ምን እንደነበረ ጠየቀችኝ። የተማሪዬ እናት ግን ከጎን ሆና፣ “እኔ በሞተው ባሌ እቀና ነበር፤ እሱ ዐረፈ ብዬ” አለች። ከዚያ በኋላ መናገር አልከበደኝም።

አሁን ዳንኩ አልልም። ደብተር አርማለሁ፣ እንቅልፍ እተኛለሁ፣ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው። ከባድ ቀን ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ለእህቴ እደውላለሁ።

ባለፈው ጊዜ አጥኚዎቹ ያገኙትን ለሕዝብ ሊያሳውቁ አዳራሽ ሲጠሩን፣ በቡድን የተወያዩት በመደበኛው ምድብ ከነበሩት ይልቅ እንደተሻላቸው ሐኪሙ ተናገሩ። መልሳቸውን በኋላ ያረሙ ሰዎች መኖራቸውንም ሳያልፉ ጠቀሱ። ከተሳታፊዎች አንድ ሰው ይናገር ሲባል የተመረጠችው እህቴ ናት። በራሷ ፈትል የተሠራውን ነጠላ ለብሳ ፊት ወጣች። ስለ ልጇ ተናገረች፣ ስሟንም ጠራች። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ ያ የማውቀው ነገር ደረቴ ሥር ሲላወስ ተሰማኝ።

ስንወጣ ልሸኛት አብሬያት ወደ ከተማው ዳር ሄድኩ።

“ቀንቼብሽ ነበር” አልኳት።

“መቼ?”

“አሁን። ስትናገሪ።”

“እግሬ ሲንቀጠቀጥ አላየሽም?”

“አላየሁም። ሲያጨበጭቡልሽ ነው ያየሁት።”

ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። “በሚቀጥለው አንቺ ትናገሪያለሽ፤ እነግራቸዋለሁ።”

“አልፈልግም።”

“እንግዲያ በምኑ ነው የቀናሽው?”

መልሴን ግን አልጠበቀችም፤ ባሏ ከእርሻ ሳይገባ መድረስ ነበረባትና ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ቁልቁለቱን ወረደች።